የ15 ሰዓቱ የዩስፓፕ ኮርስ ለፈቃድ እድሳት ይበቃኛል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ገማችነት ፈቃድ አለኝ። ፈቃዱን ለማግኘት የ15 ሰዓቱን የዩስፓፕ (የአሜሪካ ገማቾች የሚመሩበት የሙያ ደረጃ) ኮርስ ወስጄ ፈተናውን አልፌያለሁ። አሁን ለእድሳት ደግሞ የ7 ሰዓት ኮርስ ውሰድ ተባልኩ። አንድ አሠልጣኝ ድርጅት በበኩሉ የ4 ሰዓት የሥነ ምግባር ኮርስ ይበቃሃል ይለኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የ7 ሰዓቱ ግዴታ ነው። የ15 ሰዓቱ ወደ ሙያው ለመግባት፣ የ7 ሰዓቱ ደግሞ በሙያው ለመቆየት የሚጠየቁ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይተካም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዝቅተኛውን መስፈርት የማውጣት ሥልጣን የሰጠው በአፕሬዛል ፋውንዴሽን ሥር ላለው የገማቾች ብቃት ቦርድ ነው። ስቴቶች መጨመር እንጂ መቀነስ አይችሉም። መስፈርቱም በሁለት ዓመት 28 ሰዓት (በዓመት 14 ሰዓት) ተከታታይ ትምህርት ነው፤ የ7 ሰዓቱ የዩስፓፕ ማደሻ ኮርስ በየሁለት የቀን መቁጠሪያ ዓመቱ ይወሰዳል፣ ሰዓቱም ከ28ቱ ውስጥ ይታሰባል። ፈቃዱን ባገኙበት ዓመት የያዙት ከ185 ቀን በታች ከሆነ፣ ለዚያ ዓመት 14 ሰዓቱ አይጠየቅም።

የ4 ሰዓቱ ኮርስ ስቴትዎ ካጸደቀው ከ28ቱ ሊቆጠር ይችላል፤ የዩስፓፕን ቦታ ግን አይይዝም። የሥነ ምግባር ደንቡ (አድልዎ አለማድረግ፣ ሙያዊ ጠባይ፣ ክፍያን የሚመለከተው አስተዳደር፣ ምስጢር መጠበቅ) ራሱ የዩስፓፕ አካል ነው። ምናልባት ድርጅቱ ያቀረበልዎ በግምት ውስጥ ስለሚታይ አድልዎና ስለ ፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ የሚያስተምረውን ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሠራ በወጣው መስፈርት መሠረት ይህ ኮርስ ለእድሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ 7 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ነው 4 ሰዓት የሚሆነው። ስቴትዎ እንዴት እንደሚያስፈጽመው የስቴቱን የገማቾች ቦርድ ይጠይቁ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የኮርሱን ሙሉ ስም፣ የስቴቱን የማጽደቂያ ቁጥርና አስተማሪው በብቃት ቦርዱ የተመሰከረለት የዩስፓፕ አስተማሪ መሆኑን ያጣሩ። ሰርተፊኬቱ ላይ ስምዎ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። የእኛ ሰዎች የአባትና የአያት ስም ሲዘዋወርባቸው ሰዓቱ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ይወድቅና ቦርዱ ዘንድ ያልተማሩ መስለው ይታያሉ። ይህን ለማስተካከል ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ኮርሱን የእድሳቱ መጨረሻ ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ።

ከሁሉ በላይ የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ፤ ኮርሱን ሳይጨርሱ የእድሳት ቅጹ ላይ «ጨርሻለሁ» ብለው አይፈርሙ። ቦርዶች የተወሰኑ አመልካቾችን መርጠው ሰርተፊኬት ያስቀርባሉ። የጎደለ ሰዓት ዘግይቶም ቢሆን ሊሟላ ይችላል፤ የሐሰት ማረጋገጫ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ እስከ ፈቃድ መነጠቅ ያደርሳል። ጊዜው ካለፈብዎ ቦርዱን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ፈቃዱ እስኪመለስልዎም በምንም የግምት ሪፖርት ላይ አይፈርሙ።