ቅጽሉ የትኛው ነው? በእንግሊዝኛ የቃላት ክፍሎች ላይ ጥያቄና መልስ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው አስተማሪ ነኝ። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ቅጽልን ከሌሎቹ የቃላት ክፍሎች ስለመለየት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን ድምፃቸውን ተከትዬ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ፋስት» ቅጽል ነው ወይስ ተውሳከ ግስ? ሁለት መጻሕፍት ሁለት ነገር አሉኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ኤ ፋስት ካር» ሲባል መኪናውን ይገልጻል፤ ቅጽል ነው። «ሺ ራንስ ፋስት» ሲባል አሯሯጧን ይገልጻል፤ ተውሳከ ግስ ነው። «ዜይ ፋስት» ሲባል ይጾማሉ ማለት ነው፤ ግስ ሆነ። ጾሙ ራሱ «ኤ ፋስት» ሲባል ደግሞ ስም ነው። አጻጻፉ አንድ፣ ሥራው አራት። ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ነጥለህ ከጠየቅህ ማንም ሊመልስልህ አይችልም። ሁልጊዜ «እዚህ ቦታ ምን እየሠራ ነው?» ብለህ ጀምር፤ የሌሎቹም ጥያቄዎች መልስ ከዚህ ይመነጫል።

ጥያቄ፦ ልጄ «ቅጽሎቹን አስምርባቸው» የሚል የቤት ሥራ ይሰጠዋል። እኔ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው የማስረዳው። ያስኬዳል?

መልስ፦ ሐሳቡን ለመረዳት ያስኬዳል፤ የቃሉን ክፍል ለመለየት ግን ያሳስትዎታል። «አይ አም ሀንግሪ» የሚለውን «ርቦኛል» ብለው ሲተረጉሙት በአማርኛ ግስ ሆኖ ያገኙታል። በእንግሊዝኛው ግን ግሱ «አም» ነው፤ «ሀንግሪ» ቅጽል ነው። «ታየርድ» እና «አፍሬይድ» እንዲሁ ናቸው፤ እኛ ደክሞኛል፣ ፈርቻለሁ ብለን በግስ የምንለውን እነርሱ በቅጽል ይሉታል።

ስለዚህ ልጅዎን ሦስት ፈተናዎች ያስለምዱት። ቃሉን ከስም በፊት ያስገባው፦ «ኤ ሀንግሪ ቻይልድ»። ከ«ሲምስ» በኋላ ያድርገው፦ «ዘ ቻይልድ ሲምስ ሀንግሪ»። ከፊቱ «ቬሪ» ይጨምርበት፦ «ቬሪ ሀንግሪ»። ሦስቱንም ያለፈ ቃል ቅጽል ነው። አንዱን ስለወደቀ ብቻ ግን አይጣል። «አስሊፕ» ከስም በፊት አይገባም፤ «ሜይን» ከ«ሲምስ» በኋላ አይመጣም፤ ሁለቱም ቅጽሎች ናቸው። አንድ ነገር ልጨምርልዎት፦ እኛ «ትልልቅ ቤቶች» እንላለን፤ የእንግሊዝኛ ቅጽል ግን ለብዙ ቁጥር ብሎ ቅርጹን አይለውጥም። «ቢግ ሃውዚስ» ነው፤ «ቢግስ ሃውዚስ» የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በ«ሊ» የሚያልቅ ቃል ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው ተብለን ተምረናል። ሁልጊዜ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። እንደ ሕግ እየተሰጠ ስንት ጎበዝ ተማሪ ነጥብ እንዳጣበት ሳስብ አዝናለሁ። «ፍሬንድሊ»፣ «ሎንሊ»፣ «ሲሊ»፣ «አግሊ»፣ «ኮስትሊ» ሁሉም ቅጽሎች ናቸው። ይልቅ «ሊ»ን ቆርጠው የቀረውን ይመልከቱ። የቀረው ስም ከሆነ፣ ለምሳሌ «ፍሬንድ» ወይም «ኮስት»፣ ከ«ሊ» ጋር አብዛኛውን ጊዜ ቅጽል ይሆናል። የቀረው እንደ «ስሎው» ያለ ቅጽል ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ተውሳከ ግስ ይወጣዋል። «ዴይሊ» ሁለቱንም ይሠራል፤ «ኤ ዴይሊ ሪፖርት» ላይ ቅጽል፣ «ዊ ሚት ዴይሊ» ላይ ተውሳከ ግስ። ከሁሉ በላይ «ሀርድ» እና «ሀርድሊ» እንዳይምታቱ። «ሂ ዎርክስ ሀርድ» ጠንክሮ ይሠራል ነው፤ «ሂ ሀርድሊ ዎርክስ» ደግሞ ሥራ የሚነካው ከስንት አንዴ ነው ማለት ነው። ያመሰገኑት መስሎዎት ሰው ሊያስቀይሙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ «ዘ ሱፕ ቴስትስ ጉድ» ለምን «ዌል» አልተባለም? ግስን የሚገልጸው ተውሳከ ግስ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ነው፤ እዚህ ግን የተገለጸው ባለቤቱ፣ ማለትም ሾርባው ነው። «ቴስት»፣ «ስሜል»፣ «ሉክ»፣ «ሳውንድ»፣ «ፊል» ባለቤቱን ከመግለጫው ጋር ብቻ ሲያገናኙ ቅጽል ያስከትላሉ። ግሱን አውጥተህ «ኢዝ» ተካበት፦ «ዘ ሱፕ ኢዝ ጉድ»። ሐሳቡ ካልፈረሰ ቅጽል ያስፈልጋል። «ሂ ቴስትድ ዘ ሱፕ ኬርፉሊ» ላይ ግን ሰውየው በጥንቃቄ ቀምሷል፤ ድርጊት አለ፤ ስለዚህ ተውሳከ ግስ መጣ።

ጥያቄ፦ «ስኩል ባግ» ውስጥ «ስኩል» ቅጽል ነው?

መልስ፦ ስም ነው። «ቬሪ ስኩል ባግ» አይባልም፤ «ዘ ባግ ሲምስ ስኩል»ም አይባልም። ስም ሌላ ስምን ሊገልጽ ይችላል፤ ስለገለጸ ግን ቅጽል አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ሰምቲንግ ኒው» ላይስ? ቅጽሉ ከኋላ ነው የመጣው።

መልስ፦ አዎ፣ ቅጽል ነው። «ሰምቲንግ»፣ «ነቲንግ»፣ «ኤኒዋን» እና መሰሎቻቸው ቅጽላቸውን ከኋላ ያስከትላሉ።

ጥያቄ፦ «ቦሪንግ» ግስ ነው ወይስ ቅጽል?

መልስ፦ «ዘ ስፒች ዎዝ ቦሪንግ» ላይ «ቬሪ» መጨመር ይቻላል፤ ቅጽል ነው። «ዘ ማሽን ኢዝ ቦሪንግ ኤ ሆል» ላይ ማሽኑ ቀዳዳ እየበሳ ነው፤ ተሳቢም አለው፤ ግስ ነው። መሰልቸትህን ለመናገር ስትፈልግ «አይ አም ቦርድ» በል። «አይ አም ቦሪንግ» ካልህ አሰልቺው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ የእህቴ መጽሐፍ የቃላት ክፍሎች 8 ናቸው ይላል፤ የእኔ 9 ይላል። «ማይ» እና «ዚስ»ስ ቅጽል ናቸው?

መልስ፦ ቁጥሩ ከጥንትም ሲያከራክር የኖረ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በኖረው በዲዮናስዮስ ትራክስ ስም የሚታወቀው የግሪክ ሰዋስው 8 ክፍሎች ይዘረዝራል፤ ቅጽልን ግን ራሱን ያስቻለ ክፍል አላደረገውም፤ በስም ሥር ነበር የተመደበው። የእህትሽ መጽሐፍ 8 የሚላቸው ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምርና ቃለ አጋኖ ይሆናሉ። 9 የሚሉት «ኤ» እና «ዘ»ን፣ አንዳንዴም «ማይ» እና «ዚስ»ን ጨምረው ዲተርሚነር በሚባል ክፍል ለብቻ ያወጣሉ። የቆዩ መጻሕፍት እነዚህንም ቅጽል ይሏቸዋል፤ እኔ ከአዲሶቹ ጋር ነኝ። ቅጽሎች ይደራረባሉ፦ «ዘ ቢግ ኦልድ ቡክ»። «ዘ ማይ ቡክ» ግን አይባልም፤ ሁለቱ ለአንድ ቦታ ይሻማሉና።

ጥያቄ፦ በ«ዛት ማን ሴድ ዛት ሂ ኒው ዛት» (ያ ሰው ያንን እንደሚያውቅ ተናገረ) ውስጥ ሦስቱ «ዛት» አንድ ናቸው?

መልስ፦ ሦስቱም ይለያያሉ። የመጀመሪያው የትኛው ሰው እንደሆነ ያመለክታል፤ ዲተርሚነር ነው። ሁለተኛው ሁለት ሐሳቦችን ያያይዛል፤ መስተጻምር ነው፤ ቢወጣም ዓረፍተ ነገሩ አይጎዳም። ሦስተኛው በ«ኢት» ሊተካ ይችላል፤ ተውላጠ ስም ነው። «ኢት ዎዝ ኖት ዛት ባድ» ብትል ደግሞ የመጥፎነቱን መጠን ስለሚናገር ተውሳከ ግስ ይሆናል።