ፎቅና ሱቅ በባሕር ዳር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዓይነት ሕንጻ ናቸው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ ወይም መኖሪያ ያለው። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቅ በየመንገዱ እየወጣ ስለሆነ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከሸሪኮቼ ጋር አስፋልት ዳር ጂ ፕላስ 4 ልንሠራ ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። እነሱ ሙሉ በሙሉ መስታወት ይሁን ይላሉ፤ እኔ ሙቀቱን ፈራሁ። (ነጋዴ፣ ከግሽ ዓባይ)

ፍርሃትዎ ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመታለች፤ ከመስኮቱ በላይ የወጣ ጥላ አያቆማትም። የገባው ሙቀት ደግሞ በመስታወቱ በቀላሉ ተመልሶ አይወጣም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተከራዮቹ መጋረጃ ዘግተው፣ አምፖል አብርተው ይሠራሉ። መብራት የጠፋ ቀን ኤሲው ይቆማል፤ ቤቱም አያስቀምጥም።

ሸሪኮችዎን ለማሳመን የፀሐይዋን መንገድ ያሳዩአቸው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታደላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። በታኅሣሥ እንኳ ቀትር ላይ ከፍታዋ 55 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ በደቡብ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር የወጣ ጥላ 1 ሜትር ከ40 የሚሆን መስኮት ይሸፍናል። ሰሜኑ ከዚህም ይቀላል። ትልልቅ መስኮቶችን በእነዚህ ሁለት በኩል ያድርጉ። ለዚህ ከጎረቤት ወሰን ትንሽ መሸሽ ግድ ነው። የሚከራይ ወለል ይቀንሳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ነፋስም የሚገባው በዚያው ነው። በምዕራብ በኩል መስኮቱ ይጥበብ፣ ከግድግዳው ወደ ውስጥ ይግባ።

ግራውንዱ ላይ የሱቅ መስታወት የግድ ያስፈልጋል። እዚያ ሦስት ሜትር ገደማ የሚሰፋ በረንዳ ይሥሩ፤ ከፊቱም ዛፍ ይትከሉ፤ የማታዋን ፀሐይ ዛፉ ይይዛታል። በሐምሌ ዝናብ እግረኛው በረንዳው ሥር ይጠለላል። የተጠለለ ሰው ደግሞ ዕቃ ያያል።

ጥያቄ፦ ሞል ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ቤት ከፍቼ ነበር። ታች ያሉት ይሸጣሉ፣ እኔ ከሰርኩ። ሰው ለምን አይወጣም? (ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገች)

እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይመስለኝም። እግረኛ የሚያየው በዓይኑ ትክክል ያለውን ነው። ደረጃው ከኋላ ተደብቆ፣ መተላለፊያው ጨልሞ፣ ፎቁ ላይ ምን እንዳለ ከመንገድ ካልታየ ማንም ለመዞር ብሎ አይወጣም። ለድንገት ገበያ የሚሆነው መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ነው። ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል ከተሞችን ለብዙ ዓመታት በእግሩ እየዞረ አጥንቷል። ሕይወት ያለው ጎዳና በ100 ሜትር ውስጥ ከ15 እስከ 20 በር አለው ይላል። እኛ ጋ ግን አንድ ትልቅ በር ይከፈትና ሱቆቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ያዞራሉ።

ይህ ዓይነቱ ዝግ ሞል የመጣው ከሌላ አየር ንብረት ነው። ኦስትሪያ የተወለደው አርክቴክት ቪክቶር ግሩን እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሳውዝዴል የተባለውን ዝግ ሞል ሲሠራ፣ እዚያ ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ጣሪያና ማሞቂያ ያስፈልግ ነበር። ዙሪያውንም መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዲኖረው አቅዶ ነበር። በዋናነት የተስፋፋው ግን ሱቁና የመኪና ማቆሚያው ነው፤ ግሩንም በኋላ ዘመኑ በዚህ በጣም አዝኗል። እንግዲህ ጣናን የመሰለ ሐይቅ አጠገብ፣ ዓመቱን ሙሉ ደጅ በሚያስቀምጥ አየር፣ ዝግ ሣጥን ለምን እንገነባለን? መሐሉ ላይ ክፍት ግቢ ያለው፣ ደረጃው ከመንገድ የሚታይ፣ በየፎቁ በግቢው ዙሪያ በረንዳ ያለው ሕንጻ ይበቃናል።

አሁን ላንቺ የምመክርሽ፦ ከቻልሽ ጠባብም ቢሆን ታች ተከራዪ። ፎቁ የሚሆነው ሰው አስቦበት ለሚመጣበት ሥራ ነው፤ ለጥርስ ክሊኒክ፣ ለልብስ ስፌት፣ ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ። ከዚያ በላይ ባሉት ፎቆች ሰው ቢኖርባቸው ደግሞ ማታም መስኮቱ ይበራል፣ መንገዱም አያስፈራም።

ጥያቄ፦ ልጄ በዊልቸር ነው የሚሄደው። የምንሄድበት ሕንጻ ሁሉ መግቢያው ደረጃ ነው። ዘበኞች ተሸክመው ያስገቡታል፤ እሱ ግን ያፍራል። ሕግ የለም ወይ? (እናት፣ ከፋሲሎ)

አለ እንጂ እናቴ። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለአካል ጉዳተኞች፣ በዊልቸር ለሚሄዱትም ጭምር፣ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ያ አዋጅ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ልጅዎ በሰው ትከሻ መግባቱ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ጥቂት ሲሚንቶ ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይሠራል። ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲ ቢሆን 5 ሜትር ከ40 ማለት ነው። ለሕንጻው አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ሕጉንም ይጥቀሱ። ለምታስገነቡ ደግሞ፦ የግራውንዱን ወለል ከእግረኛ መንገዱ ብዙ አታስበልጡት። ጎርፉን በቦይ መልሱት።

ጥያቄ፦ ሕንጻችን ፊት ቡና የሚያፈሉ ሴቶችና ሊስትሮዎች አሉ። ባለቤቶቹ ገጽታ ያበላሻሉ ብለው ሊያስነሷቸው ነው። (የሕንጻ አስተዳዳሪ)

እባካችሁ አታስነሷቸው። ሰው ሕንጻችሁ ፊት የሚቆመው በእነሱ ምክንያት ነው። አሜሪካዊው የከተማ ኑሮ አጥኚ ዊልያም ዋይት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒውዮርክን አደባባዮች በፊልም ቀርጾ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ሰው መቀመጫና የሚበላ ነገር ያለበት ይሰበሰባል። ቦታ ስጧቸው፦ ጥላ፣ አንድ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መውረጃ፣ የማታ መብራት። ለእግረኛው ሁለት ሜትር ንጹሕ መተላለፊያ ይተው፤ ዊልቸርም ይለፍ።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ካፌና ሱቆች ልንሠራ ነው። ለደኅንነት እስከ ውኃው አጥር እንሥራ?

አጥር አትሥሩ። ዳርቻው የከተማው ሁሉ መናፈሻ ነው። መኪና ማቆሚያውን በመንገዱ በኩል አድርጉና በውኃው በኩል ማንም የሚያልፍበት የእግር መንገድ ተዉ። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ መስታወት ከወደዳችሁ እዚያ ፊት ላይ ይሁን፣ ፀሐዩ ብዙ አያስቸግራችሁም። ደንገሉንም አትጨርሱት። የሚወርደውን ደለል ይይዛል፣ ታንኳም የሚሠራው በእሱ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር ተስማምቶ እንዲጠበቅ የተለየ አካባቢ ነው። ከሁሉ በላይ የሽንት ቤቱና የኩሽናው ፍሳሽ አንድም ጠብታ ወደ ውኃው እንዳይገባ። ይህን በዲዛይን ጊዜ ካልፈታችሁት በኋላ አትፈቱትም።

ጥያቄ፦ ለብስክሌት ማቆሚያ መሥራት በባሕር ዳር ያዋጣል? (የአርክቴክቸር ተማሪ)

በደንብ። አንድ መኪና በምትይዘው ቦታ 10 ብስክሌት ያህል ይቆማል። በብስክሌት የመጣም ገዢ ነው። ጥላ ሥር፣ ከዋናው በር አጠገብ፣ ዘበኛው በሚያየው ቦታ ሣለው። ከሕንጻው ጀርባ ካደረግከው ማንም አያቆምበትም።