«ይጽደቅ» ወይስ «ይጸደቅ»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ። ከመግሪብ በኋላ ሱቄ በር ላይ ጎረቤቶቼ ስለ ሕገ መንግሥት ይከራከራሉ። አንዱ «አዲስ ሕገ መንግሥት ይጽደቅ» ይላል። ሌላው «ይጸደቅ ነው የሚባለው» ብሎ ያርመዋል። ሦስተኛው ደግሞ «ያለው ይሻሻል እንጂ ምን ማጽደቅ አለ!» አለና ዝም አሰኛቸው። የማን ልክ ነው?

መልስ፦ አብሽሩ፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። «ይጽደቅ» ያሉት ልክ ናቸው።

«ጸደቀ» የሚሄደው እንደ «ደረቀ» ነው። ልብሱ «ይድረቅ» እንላለን፤ «ይደረቅ» የሚል የለም። አድራጊ ሲመጣ «አደረቀ» እንደምንል፣ «አጸደቀ» እንላለን። «ተጸደቀ» የሚባል ግስ ግን የለንም። «ይከፈት»፣ «ይታወጅ» ማለት ስለለመድን «ይጸደቅ»ም በዚያው የመጣ ይመስለኛል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ በክረምት የተተከለ ችግኝ ሥር ሲሰድ «ጸደቀ» ይባላል። ሰውም በምግባሩ ይጸድቃል። ሕግ ግን ራሱን ችሎ አይጸድቅም። የሆነ አካል ድምፅ ሰጥቶ ያጸድቀዋል። «ጸደቀ» ብቻ ስንል ያ አካል ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሹልክ ይላል። ስለዚህ እርስዎ በር ላይ ብቀመጥ ኖሮ «ይጽደቅ አይጽደቅ» ከማለት «ማን ያጽድቀው?» እል ነበር።

የእኛ ታሪክ በዚህ ጥያቄ ብዙ ተለዋውጧል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የሰጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የ1948ቱም የተሰጠው በእሳቸው ነው። የደርጉ ረቂቅ በየቀበሌው ውይይት ተደርጎበት ጥር 24 ቀን 1979 ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። አጽዳቂው ሕዝቡ ሆነ ማለት ነው፣ ቢያንስ በወረቀት። (ጠና ያሉ ጎረቤት ካሉ ይጠይቋቸው፤ የቀበሌ ስብሰባ እንዲህ በቀላሉ አይረሳም።) አሁን የምንተዳደርበትን ደግሞ ኅዳር 29 ቀን 1987 ያጸደቀው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ነው። አባላቱ ተመርጠው የገቡ ነበሩ፤ ሕዝበ ውሳኔ ግን አልተደረገበትም።

መግቢያው «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል። አጽዳቂውን ከፊት አስቀምጦታል። ዛሬም ያልበረደው ክርክር ያለው እዚህችው «እኛ» ላይ ነው። አንዱ ወገን «ያ እኛ እኔን አይጨምርም» ይላል። ሌላው «ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን የጠራኝ እሱ ነው» ይላል። ይህን ሰዋስው አይፈታውም። ሁለቱም ግን የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ አጽዳቂው ማን ነበር?

ወደ ሦስተኛው ጎረቤትዎ ልምጣ። ሰውዬው ሁለት የማይቃረኑ ነገሮችን አጣልተዋል። ማሻሻያም እኮ ይጸድቃል። በአንቀጽ 105 መሠረት ስለ መብትና ነጻነት የሚናገረውን ምዕራፍ ሦስትን ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መቀበል አለባቸው። ከዚህ የጠበቀ ማጽደቅ ከወዴት ይመጣል?

የ«ማሻሻል» ተቃራኒ ከተፈለገ «መተካት» ነው። ሕገ መንግሥቱ ስለ ማሻሻል እንጂ ስለ መተካት አንቀጽ የለውም፤ ጠበቆቹን የሚያነታርካቸውም ይሄው ነው። ደግሞም ቃሉ ያታልላል። የ1948ቱ ሰነድ «የተሻሻለው ሕገ መንግሥት» ተብሎ ነው የወጣው። የ1923ቱ 55 አንቀጾች ነበሩት፤ የ1948ቱ 131 ሆኑ። ይህ ማሻሻል ከተባለ መተካት ምን ሊባል ነው?

ባይጸድቅስ? ያልጸደቀ ሰው «ተኮነነ» ይባላል፤ ረቂቅ ግን «ውድቅ ሆነ» ነው የሚባለው። እና ለሦስተኛው ጎረቤትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ይሻሻል ካሉም፣ ማሻሻያውን ማን እንደሚያጸድቀው አብረው ይንገሩን።»