ያልተለሰነው ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አርክቴክት «ጋሼ፣ አሮጌ ቤት ስናድስ የት ላይ ነው የምናቆመው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሳቅ አለፍኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ለአጭር ሥልጠና ጣሊያን፣ ቱሪን በሄድኩበት ጊዜ አንድ ቅዳሜ ሪቮሊን አስጎበኙን። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ፣ ሳቮይ የሚባለው የጣሊያን ንጉሣዊ ቤተሰብ ቤተ መንግሥት ነው። ባሮክ በሚባለው ባለ ብዙ ጌጥ ስልት የሚሠራው አርክቴክት ዩቫራ በ1718 ሥራውን ያዘ፤ አልጨረሰውም። ያሠራው ንጉሥ ራሱ፣ ዙፋኑን ለልጁ ከለቀቀ በኋላ ልመለስ ቢል፣ ልጁ እዚያው ቤት አሰረው። ኋላ የወታደር ሰፈር ሆነ፣ ተጎሳቆለ። አንድሬያ ብሩኖ የሚባል አርክቴክት ከ1979 ጀምሮ አደሰውና በ1984 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ውስጡ ያጌጠ ነው። ከአንዱ ክፍል ጣሪያ ግን ቆዳው የተሞላ እውነተኛ ፈረስ ተንጠልጥሏል፤ የጣሊያናዊው የጥበብ ሰው የማውሪትሲዮ ካቴላን ሥራ። ወዳጄ አማተበ።

እኔን የገረመኝ ደጁ ነው። ግንባታው የቆመበት ቦታ ላይ ጡቡ እንደተሸረፈ ጥርስ አግጥጧል። ብሩኖ አልጨረሰውም፣ አልለሰነውም። ዩቫራ ያሰበው ምን እንደነበር የመሬቱ ንጣፍ ላይ በድንጋይ መስመር አሳየና ላዩን ለሰማይ ተወው። የራሱን የጨመረው በብረትና በመስታወት ነው፤ ከአሮጌው ጋር አይምታታም።

እኔ ምን አልኩ? «ብር አልቆባቸው ነው!» ጓደኞቼ ሳቁ። አስጎብኚዋ ዝም ብላ አየችኝ።

አገሬ በተመለስኩ በዓመቱ የአንድ አሮጌ ጭቃ ቤት እድሳት ደረሰኝ። የማን እንደሆነ ይቅር። የጓዳው ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ በከሰል የተጻፈ ሒሳብ ወጣ፤ «ጤፍ 2 ቁና» ይላል። አጠገቡ የልጅ ቁመት የተለካባቸው አምስት ጭረቶች፣ አንዱ ካንዱ ከፍ እያሉ። ሽማግሌው ግንበኛ ጣታቸውን በጭረቶቹ ላይ አሳለፉና «ኢንጂነር፣ ይቺን ጥግ ብንተዋትስ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ሥራችን ንጹሕ ይሁን» አልኳቸው። በሲሚንቶ አስለሰንኩት።

ሁለት ክረምት አልቆየም። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ አፍኖ ይይዘዋል። እርጥበቱ ታምቆ ግድግዳው አበጠ፣ ልስኑ እንደ ቂጣ እየተላቀቀ ወረደ። ጽሕፈቱንም ይዞት ወረደ። ፎቶ እንኳ አላነሳሁም። ልጁ አምስተኛው ጭረት ላይ ስንት ዓመቱ ነበር? እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

እናንተ ወጣት አርክቴክቶች፣ አንብቡ፣ ጠይቁ፣ ትጉ ምናምን አልላችሁም፤ ሰምታችሁት ሰልችቷችኋል። የዛሬ ልጆች ከእኛ ትፈጥናላችሁ። ግን ግድግዳውን በእጃችሁ ሳትነኩ ቤቱን በኮምፒውተር ጨርሳችሁ ትመጣላችሁ። ሥዕሉ ያምራል፣ ሰማዩም ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። እርጥበቱ የት አለ? ግንበኛው ምን አለ?

ደግሞ ሁሉን እንዳለ ተዉት ማለቴ አይደለም። ሪቮሊ ጣሪያው እያፈሰሰ ቢቀር ማን ሥዕል ይሰቅልበት ነበር? እኔም የገዛ ቤቴን የእንጨት መስኮት ዘንድሮ በአሉሚኒየም ቀይሬያለሁ። ብርድ ነዋ!

ልጅቷ የምታድሰውን ቤት ልታሳየኝ ቅዳሜ ቀጥራኛለች። መጀመሪያ ከግንበኛው ጋር አገናኚኝ ብያታለሁ። ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።