ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም፦ ስለ አሮጌ ስፒከርና ካምፒንግ የአንባቢያን ጥያቄ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ አሮጌ ስፒከር ገዝቶ ካምፒንግ ላይ ማዳመጥ። በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ ዓምዱን ሙሉ ሰጠሁት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔና ባለቤቴ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ድንኳን ይዘን እንወጣለን። ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር አለን፤ ግን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይሰለቻል። አሁን አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ጥንድ የእንጨት ስፒከር ሊሸጥልኝ ነው። ገዝቼ ይዤው ብወጣ ያዋጣኛል? ስገዛስ ምኑን ልይ? (ድንኳን ወዳዱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያዋጣሃል። አሮጌ ስፒከር መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ካምፒንግ ስወጣ ሁሌም አንድ ጥንድ መኪናዬ ውስጥ አለ። ከሰፊ የወረቀት ኮን (እየተንቀጠቀጠ ድምፁን ከሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) የሚወጣ የሰው ድምፅ ክፍት አየር ላይ ሲሰማ፣ ዘፋኙ እሳቱ ዳር የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ግን ለሳሎን ጥሩ የሆነ ሁሉ ለሜዳ አይሆንም።

ቤት ውስጥ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ድምፁን እየመለሱ ያግዙሃል፤ በተለይ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ። ሜዳ ላይ ግድግዳ የለም። ድምፁ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ከስፒከሩ ያለህ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይወርዳል። 1 ሜትር ላይ የሰማኸው 4 ሜትር ላይ 12 ዴሲቤል ቀንሷል ማለት ነው።

ስለዚህ ከመልኩም ከስሙም በፊት አንድ ቁጥር ጠይቅ፤ ሴንሲቲቪቲውን። 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል ያወጣል? 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልግህ ዋት በግማሽ ይቀንሳል። ቁጥሩ 96 የሆነ ስፒከር በ1 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት፣ 84 የሆነው 16 ዋት ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ አምፑን (ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠውን ማጉያ) ሶኬት ላይ ትሰካለህ፣ አለቀ። በባትሪ ሲሆን ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቸር ኤአር 1 የተባለውን ስፒከር ሲያወጣ፣ ጥልቅ ቤዝ ከትንሽ ዝግ ሳጥን ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ለዉፈሩ (ቤዙን ለሚያወጣው ትልቁ ክፍል) እንደ ስፕሪንግ ያገለግላል። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን የዚህ ዘር ስፒከሮች ዋት ይበላሉ። ሳሎኔ ውስጥ እነሱን የሚተካ የለም፤ ሜዳ ግን አልወስዳቸውም። ለሜዳ በሌላው ወገን ያሉትን ፈልግ፤ ትልቅ ዉፈርና እንደ መለከት የሚሰፋ ሆርን ያላቸውን። ክሊፕሽ የተባለው ስፒከር አምራች እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ሄረሲ ከዚህ ወገን ነው። እነዚህ ከባድ ናቸው። መኪናህ ድንኳኑ አጠገብ የማይደርስ ከሆነ ተዋቸው።

ትንሽ ስፒከር ብቻ ካገኘህም መላ አለው። የቢቢሲ መሐንዲሶች ኤልኤስ3/5ኤ የተባለውን ትንሽ ስፒከር የሠሩት ከስቱዲዮ ውጭ ለሚያስተላልፉ መኪኖች ነበር። ሴንሲቲቪቲው ዝቅተኛ ነው። ግን መኪናው ውስጥ ባለሙያው አፍንጫው ሥር አድርጎ ነው የሚሰማው። አንተም ቅረብ። በአንተና በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ከ2 ሜትር በላይ አይኑር። ከጀርባቸው ትልቅ ድንጋይ ወይም የመኪናው ጎን ካለ ደግሞ የጠፋው ቤዝ በከፊል ይመለስልሃል።

አሁን ወደ ሻጩ እንሂድ። መጀመሪያ የፊቱን ጨርቅ አስነሳ። ኮኑን ከብረቱ ጋር የሚያያዘውን የዳር ቀለበት እይ። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ደስ ይበልህ፤ ብዙ ዘመን ይቆያል። ስፖንጅ ከሆነ በጣትህ ጫፍ ቀስ ብለህ ንካው። ስፖንጅ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ይበሰብሳል። ጣትህ ላይ ከተጣበቀ ወይም ከተፈረፈረ አልቆለታል። እኔ አንድ ጊዜ ጨርቁን ሳላስነሳ ገዛሁ። ሻጩ ዝቅ አድርጎ አጫወተልኝ፤ ለስላሳ ነበር። ካምፕ በገባን በመጀመሪያው ምሽት ድምፁን ከፍ ሳደርገው የቀኙ ዉፈር መንኳኳት ጀመረ። ጠዋት ስከፍተው ስፖንጁ ጥቁር ፍርፋሪ ሆኖ ከጨርቁ ሥር ተከማችቷል። በጣም አዘንኩ። ደግነቱ የሚቀየረው ቀለበቱ ብቻ ነው። እጁ ለሚረጋ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ስፖንጁ የበሰበሰውን አትግዛ አልልህም፤ ጥገናውን አስበህ ተደራደር።

ቀጥሎ በሁለት እጅ ጣቶችህ የኮኑን መሃል ዙሪያውን እኩል ነክተህ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፋው። ያለ ድምፅ ገብቶ መመለስ አለበት። ሲፋቅ ከሰማህ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ያንን ተወው። ቴስተርም ያዝ። 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) የተባለ ስፒከር ከ5 ተኩል እስከ 7 ቢያነብ ጤነኛ ነው። ግን ቴስተሩ የሚነግርህ ስለ ዉፈሩ ብቻ ነው፤ ወደ ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሹ ክፍል) የሚሄደውን መንገድ ካፓሲተር የተባለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይዘጋበታል። ቱዊተሩን ጆሮህን አስጠግተህ ስማው። ከደከመ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራሱ አይደለም፤ ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለዉፈሩና ለቱዊተሩ የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት) ላይ ያለው ካፓሲተር ደርቆ ነው። እሱ በቀላሉ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ ባለ 8 ኦም ስፒከሮቹን አውርሶኛል። ውጭ እንዴት ላጫውታቸው? የቤቱን አምፕ በኢንቨርተር ልጠቀም ወይስ ሌላ ልግዛ? (ወራሿ)

መልስ፦ ልጄ፣ ኢንቨርተሩን ተይው። የባትሪውን 12 ቮልት ከፍ አድርጎ የቤት ኤሌክትሪክ ያደርገዋል፤ የቤቱ አምፕ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። በመሃል ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የክላስ ዲ አምፕ (ጉልበት ብዙም የማያባክን ዓይነት ነው) ግዢ። ሳጥኑ ላይ ያለው ትልቅ የዋት ቁጥር አያታልልሽ፤ ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ ቮልት የተለካ ነው። በ12 ቮልት፣ 8 ኦም ላይ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው 9 ዋት ገደማ ነው። የአያትሽ ስፒከሮች ሴንሲቲቪቲ ከ90 በላይ ከሆነ ይበቃሻል።

ስለ ባትሪ አትጨነቂ። 12.8 ቮልት፣ 20 አምፒር-ሰዓት የሆነ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 256 ዋት-ሰዓት ይይዛል። አምፑ በአማካይ 10 ዋት ቢበላ ከ20 ሰዓት በላይ ያስኬድሻል። ከባትሪው ፕላስ አጠገብ ፊውዝ አስገቢ፤ ይህን አደራ እልሻለሁ። ሽቦ ቢነካካ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቀይና ጥቁሩን በሁለቱም ስፒከር ላይ አንድ ዓይነት አድርጊ። አንዱ ከተገላበጠ አንዱ ዉፈር ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ቤዙም ይጠፋል። ምልክቱ ከጠፋ 1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ከስፒከሩ ሁለት መሰኪያዎች ጋር ለቅጽበት አስነኪ። ኮኑ ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው ፕላስ የነካው ቀዩ ነው። አንዳንድ የድሮ ጄቢኤል ስፒከር በተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ ዋናው ሁለቱ አብረው መውጣታቸው ነው።

ጥያቄ፦ ወዳጄ፣ ስፒከሬ አንድ ሌሊት ውጭ አደረና ድምፁ ደነዘዘ። ተበላሽቶ ይሆን? ደግሞ ያን ምሽት ራቅ ብለው ድንኳን የተከሉ ሰዎች ቅር ተሰኙ። ብዙም አላጮህኩትም ነበር። (ጡረተኛው)

መልስ፦ አይዞዎት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የወረቀት ኮን ጤዛ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይከብዳል። ጨርቁን አውጥተው ጥላ ሥር ነፋሻ ቦታ ሁለት ቀን ያቆዩት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ የፀጉር ማድረቂያም አይጠቀሙ፤ ወረቀቱ ይጣመማል። የሳጥኑን ጠርዞች በጣትዎ ይዳብሱ። ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ከሆነ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ያበጠ ደግሞ አይመለስም። ከእንግዲህ እርጥብ መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ ከሥሩ ሣጥን ወይም ጣውላ ያድርጉ፣ ሳይመሽም ወደ መኪና ያስገቡት።

ስለ ጎረቤቶችዎ ያሉትም እውነት ነው፣ ቅር የተሰኙትም አልተሳሳቱም። ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ምሽት መሬት አጠገብ ያለው አየር ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ያለው ሞቆ ይቆያል። ያን ጊዜ ሽቅብ የሚሄደው ድምፅ ወደ መሬት ይታጠፍና ሩቅ ይደርሳል። ሐይቅ ዳር ከሆኑ ደግሞ ይብሳል። እኔ ሲመሽ ከስፒከሩ ሃምሳ እርምጃ ርቄ በጎረቤት ድንኳን በኩል እቆማለሁ። የዘፈኑ ግጥም ቃል በቃል ከተሰማኝ ተመልሼ እቀንሰዋለሁ፤ ወንበሬንም ወደ ስፒከሩ አስጠጋለሁ።