ጎሚኒው ተቀይሮ በወሩ ለምን ኳኳ?

ጥያቄ፦ መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1990 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው፤ ለሥራ ሐረር እመላለሳለሁ። ብሬከር ሳልፍ ፊት ለፊት በግራ በኩል «ኳ» ይላል። የደንገጎን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ግራ ይስባል፤ ፍሬኑን ስለቅ ደግሞ አንዴ «ኳ» ብሎ ይመለሳል። የግራው ጎማ ውስጥ ውስጡን ተበልቷል። አምና ሁለቱንም የፊት አሞርዛተር (የመኪናውን ንጠት የሚያበርደውን) ቀይሬያለሁ። ከአራት ወር በፊት የብራቾ ጎሚኒ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የብረት ክንድ ላይ ያለውን ላስቲክ) አስቀየርኩ። አንድ ወር ያህል ጸጥ አለና ተመልሶ መጣ። አሁን ጋራዡ «የፊት እግሩን ኮምፕሊት ቀይር» ይለኛል። አቅሜ አይችልም። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ አቦ፣ ኮምፕሊቱን ለጊዜው እርሳው። ፍሬን ስትይዝ ይስባል፣ ስትለቅ ኳ ይላል ብለሃል። ለእኔ ይሄ ይበቃኛል። ይሄ የአሞርዛተር ድምፅ አይደለም። አሞርዛተሩ ያለቀ መኪና ይዘላል፣ ኩርባ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ፍሬን ስትለቅ አይማታም። የአምናው ወጪህ ሳያስፈልግ የወጣ ይመስለኛል፤ ቢሆንም እሱ አልፏል።

ሳላየው ተወራረድ ካልከኝ የምወራረደው በግራው የታችኛው ብራቾ የኋላ ጎሚኒ ነው። ትልቁ፣ ወደ ሾፌሩ እግር በኩል ያለው። ፍሬን ስትይዝ ጎማው ወደ ኋላ መቅረት ይፈልጋል። አትሄድም ብሎ የሚይዘው ያ ጎሚኒ ነው። እሱ ከተቀደደ ብራቾው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጎማው አቅጣጫ ይስታል፣ መሪው ይስባል። ፍሬኑን ስትለቅ ብራቾው ወደ ቦታው ይወረወራል። ኳ የሚለው ያኔ ነው። የጎማው ውስጥ ውስጡን መበላትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የዚያው ብራቾ ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ኳስ ያለው መገጣጠሚያ) ነው፤ እሱን የማስመረምርህ ከድምፁ ይልቅ ለነፍስህ ፈርቼ ነው።

ከመፍታትህ በፊት ፍሬኑ ራሱ ይዞ እንዳይሆን አረጋግጥ። ትንሽ ነድተህ ስትመለስ እጅህን ወደ ሁለቱም የፊት ቸርኬዎች ጠጋ አድርግ፤ አትንካ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ መጀመሪያ ፍሬኑን አሠራ።

አሁን ምርመራው። መኪናው መሬት ላይ እንዳለ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ የእግር ፍሬኑን ጭምቅ አድርጎ ይያዝ። ሌላ ሰው መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋ። አንተ በግራ በኩል ቁጢጥ ብለህ በጎማውና በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ) መሀል ያለውን ክፍተት እይ። ጎማው ታስሮ አካሉ ትንሽ ይወዛወዛል፤ እሱ ያለ ነው። ክፍተቱ ግን በአንድ በኩል ሲጠብ በሌላው ሲሰፋ በዓይንህ ከታየህ፣ ከቀኙም ከበለጠ፣ ጎሚኒው አልቋል። ይሄ ምርመራ ክሪክም አይፈልግም፣ ብርም አይፈልግም።

ለቦል ጆይንቱ መኪናው መነሳት አለበት። እዚህ ላይ ስማኝ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግባ። ጭንቅላትህን ብቻ አይደለም፣ ክንድህንም አታስገባ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አልተሠራም። የድሬ ግቢ ደግሞ አሸዋ ነው፤ ክሪኩ ከሥሩ ቀስ እያለ ይሰምጥና ያጋድላል። ወፍራም ሳንቃ ከሥሩ አድርግ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዝ፣ አንሳ፣ ከዚያ ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት መደገፊያ) አስገብተህ መኪናውን እሱ ላይ አሳርፍ። ብሎኬት ካቫሌቶ አይደለም። ብሎኬት ሲፈርስ አስቀድሞ አይነግርህም።

ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ላዩንና ታቹን ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቀው። ቀጥሎ ሌቫ (ረጅም መፈልቀቂያ ብረት) በብራቾውና በጎማው ተሸካሚ ብረት መሀል አስገብተህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋ። ጤነኛ ቦል ጆይንት ንቅንቅ አይልም። ጥቂትም ቢሆን ቶክ ቶክ ካለ፣ ወይም የላስቲክ ኮፍያው ተቀዶ ግሪሱ ደርቆ አቧራ ከጠጣ፣ በዚህ መኪና ደንገጎን አትውረድ። ቦል ጆይንት ከወለቀ ጎማው ተጣጥፎ ይተኛል፤ መሪ መያዝ ምንም አይረዳህም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጎሚኒ በአንድ ወር አያልቅም። የገጠመልህ ሰው ከሦስት ነገር አንዱን አድርጓል። ወይ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የተሞረደ ላስቲክ ጠቅጥቆልሃል። ወይ አሮጌውን የጎማ ከመነዳሪ ጠቅልሎበት መልሶታል፤ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሰዎቹም አያፍሩም። ወይ ደግሞ አዲስ ገዝቶ በአየር ላይ አጥብቆታል። «ሲጮህ የተቃጠለ ዘይት ቀባው» የሚሉም አሉ። ዘይት ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋል። ለአንድ ሳምንት ዝምታ ብለህ ጎሚኒህን ትገድለዋለህ።

ያንተ ሦስተኛው ይመስለኛል። አንድ ወር ዝም ካለ ዕቃው አዲስ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አንዴ ቁጭ በልና ይሄን ነገር ልብ ብለህ አንብብ። እዚህ ከተማ ካሉት መካኒኮች ብዙዎቹ አያውቁትም፤ ከሚያውቁትም ብዙዎቹ ሰንፈው አያደርጉትም።

ጎሚኒ ሲባል ሰው የሚያስበው ብረት በላስቲክ ውስጥ እንደ ልቡ የሚሽከረከር ነው። አይደለም። የብራቾ ጎሚኒ ሦስት ነገር ነው፦ የውጭ ቱቦ፣ የውስጥ ቱቦ፣ በመሀላቸው ከሁለቱም ጋር በፋብሪካ የተጣበቀ ላስቲክ። የውጭ ቱቦው ብራቾው ውስጥ በፕሬስ (በመጫኛ ማሽን) ጭምቅ ብሎ ይገባል። የውስጥ ቱቦውን ቡሎኑ ከመኪናው ጋር ያስረዋል። አየህ፣ ሁለቱም ታስረዋል። ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ላስቲኩ ነው እንደሚጨመቅ ልብስ ትንሽ የሚጠመዘዘው። ወደ አንድ ጎን ትንሽ፣ ወደ ሌላው ትንሽ፣ ተመልሶም ያርፋል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ይኖራል።

አሁን ቡሎኑን ያጠበቅከው ጎማው ተንጠልጥሎ ነው እንበል። ብራቾው ወደ ታች ወርዷል። ላስቲኩ በዚያ ቦታ ታሰረ፤ ለእሱ «ማረፊያ» ማለት ያ የተንጠለጠለው ቦታ ሆነ። ከዚያ ክሪኩን ለቀቅክ፣ መኪናው በክብደቱ ተቀመጠ፣ ብራቾው ወደ ላይ ወጣ። ላስቲኩ ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ እስከ ጫፉ ተጠመዘዘ ማለት ነው። ቆሞም ተጠምዝዟል፣ ሌሊት ስትተኛም ተጠምዝዟል። ብሬከር ስትወጣ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠመዘዛል። መጨረሻው ይታወቃል፤ ከቱቦው ይላቀቃል ወይም መሀል ለመሀል ይቀደዳል። የድሬ ሙቀት ላስቲክ ያደርቃል፣ ይሄ ሲጨመርበት ምን ይተርፈዋል? ሰውየውም «ዕቃው ቻይና ስለሆነ ነው» ይልሃል። ዕቃው ቻይና ሊሆን ይችላል። ገዳዩ ግን ቁልፉ ነው።

መፍትሔው ምንም ወጪ የለውም። የብራቾውን ቡሎኖች መኪናው በጎማው ቆሞ በክብደቱ ከተቀመጠ በኋላ ማጥበቅ ነው። በቃ። ላስቲኩ ማረፊያውን መኪናው በሚቆምበት ከፍታ ላይ ያገኛል። ጎሚኒ ስታስቀይር ሥራውን በዓይንህ ተከታተል፤ መካኒኩ መኪናውን ሳያወርድ የመጨረሻውን ካጠበቀ፣ አውርደህ አላላና እንደገና አጥብቅ በለው። ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ስለ ዕቃ እንነጋገር። ሙሉ አዲስ ብራቾ በርካሽ አለ ሲሉህ አትቸኩል። የአንተ ብራቾ ከመኪናው ጋር የመጣ ኦርጅናል ብረት ነው። ካልተጣመመና ካልዛገ እሱን የመሰለ አታገኝም። ርካሹ ብራቾ ብረቱ ስስ፣ ጎሚኒው ለስላሳ፣ ቦል ጆይንቱም አብሮት የተሰጠ ነው። ብረትህን ያዝ፣ ብርህን ላስቲኩና ቦል ጆይንቱ ላይ አውጣ። በዚህ ሞዴል ቦል ጆይንቱ ከብራቾው ጋር በቡሎንና በዳዶ ስለሚታሰር ለብቻው ይቀየራል። 555 የሚባለው የጃፓን ምርት ጥሩ ነው፤ ግን 555 የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ያለ ሁሉ 555 አይደለም። ኅትመቱ የደበዘዘ፣ ዋጋውም ከሌላው ሱቅ በግማሽ የወረደ ከሆነ ባለሱቁን አመስግነህ ውጣ።

ጎሚኒ ስትገዛ ካቻቢቴ በውስጥ ቱቦው አስገብተህ በእጅህ ለመጠምዘዝ ሞክር። እምቢ ብሎ ትንሽ ሄዶ መመለስ አለበት። እንደ ልቡ ከዞረ አልተጣበቀም፣ መልሰው። ሲገዛም ግራና ቀኝ አንድ ላይ ይገዛል። ድሬ ካጣህ አዲስ አበባ የሚፈልግልህ ሰው ይኖርሃል፤ አሮጌውን አስይዘህ ላከው፣ ፎቶ አያስተማምንም።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቁልፍ ከያዝክ ትችለዋለህ። መኪናው ካቫሌቶ ላይ ይቀመጥ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ክሪክ ላይ አይደለም። በተለይ አሁን፣ የዛገ ቡሎን ስትታገል መኪናውን ትወዘውዘዋለህ። የቦል ጆይንቱን ዳዶ ፈታ አድርግ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታውጣው። ከዚያ ፔርኖው (የቦል ጆይንቱ ዘንግ) የገባበትን ብረት ከጎኑ በመዶሻ ጠንከር አድርገህ ሁለት ሦስቴ ምታው። ጥርሱን እንዳትመታ። «ጥፍ» ብሎ ይለቃል። ብራቾውን ፍታና የኋላው ጎሚኒ በየት በኩል እንደተቀመጠ በኖራ ምልክት አድርግ። አንዳንዱ ጎሚኒ በላስቲኩ ውስጥ ክፍት ቦታ አለው፤ የተቀደደ እንዳይመስልህ፣ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፣ አቅጣጫውም ወሳኝ ነው።

ማስወጣትና ማስገባቱን ለፕሬስ ስጥ። ድሬ የምድር ባቡር ከተማ ናት፤ የቶርኖና የሞርሳ ሰው አይታጣባትም። «ላስቲኩን በእሳት እናቃጥለው» ካሉህ እምቢ በል፤ ብረቱ ይግላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ሲገባ በሳሙና ውኃ ይግባ፣ በግሪስ አይደለም።

መልሰህ ስትገጥም የብራቾውን ቡሎኖች ለመያዝ ያህል አጥብቅ። የቦል ጆይንቱን ዳዶ ግን እዚያው ጨርሰው፣ አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይላላ በቀዳዳው የሚገባው ሽቦ) አስገባበት። ቀዳዳው ካልገጠመልህ ወደ ፊት አጥብቀህ አግኘው፤ ወደ ኋላ አላልተህ አይደለም። ጎማውን መልስ። የጎማው ዳዶ ቶርክ ቁልፍ ካገኘህ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ መኪናው መሬት ከወረደ በኋላ የብራቾውን ቡሎን እንዴት ታገኘዋለህ? ጉድጓድ ያለው ላቫጆ ፈልግ። ቡሎኖቹን በደንብ አጥብቀህ ቀስ ብለህ ንዳና ጉድጓዱ ላይ አቁም፤ ለአጭር መንገድ ጎሚኒው አይጎዳም። ጉድጓዱ ውስጥ ሳትገባ፣ ከላይ ሆነህ የመኪናውን ፊት ሦስት አራት ጊዜ ጨቁነው፣ ይቀመጥ። ከዚያ ውረድና ቡሎኖቹን አላላ፣ መልሰህም እስከ መጨረሻው አጥብቅ። ላቫጆው ለጥቂት ደቂቃ የሚያስከፍልህ ብዙ አይሆንም። ጉድጓድ ከሌለ፣ መኪናው ካቫሌቶ ላይ እያለ ክሪኩን ከብራቾው ጫፍ፣ ከቦል ጆይንቱ አጠገብ አድርገህ አንሳ፤ መኪናው ከካቫሌቶው ሊለቅ ሲል አቁምና አጥብቅ። ካቫሌቶውን ግን እንዳታወጣ። ገብቶሃል አይደል?

ብር ካጠረህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ ቦል ጆይንቱ ከተነቃነቀ እሱ ይቅደም፣ ነገ አትበል። ቀጥሎ የብራቾ ጎሚኒ በሁለቱም ጎን። የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው ብረት ማያያዣ) እና የአሞርዛተሩ የላይኛው ጎሚኒ በአብዛኛው ድምፅ እንጂ ድንገተኛ አደጋ ስላልሆኑ ይቆያሉ። ታይሮዱን (ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ) መኪናው ተነስቶ እያለ በእጅህ ነቅንቀህ እየው፤ ካልተነቃነቀ አትንካው።

አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የሚሠራው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያለቀ ጎሚኒ ላይ አላይመንት የሚሠራልህ ሰው ብርህን እየበላ ነው፤ ማሽኑ ላይ ልክ ቢሆንም መጀመሪያው ፍሬን ላይ ይፈርሳል። አዲስ ጎማም እስከዚያ አትግዛ። የተበላውን ጎማ ሽቦው ካልታየ ከኋላ አድርገውና ኋላ ያለውን ወደ ፊት አምጣ። ሽቦው ከታየ ግን ጎሚስታ ጋ ወስደህ ጣለው፣ ስፔርም አታድርገው።