ዩቡንቱን፣ ሮኪንና ዊንዶውስን በአንድ አንሲብል ስለማስተዳደር

እህቴ፣ "ዩቡንቱ፣ ሮኪ ሊኑክስና ዊንዶውስ ሰርቨሮች ተረክቤያለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ፕሌይቡክ (የአንሲብል የሥራ ዝርዝር ፋይል) ልያዛቸው ወይስ ለየብቻ ልጻፍ?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚህ ባሕር ዳር የምውለው እንዲህ ካለ ድብልቅ ጋር ነው። ሊኑክሶቹን አንድ ላይ ያዢ፣ ዊንዶውሶቹን ለብቻ አድርጊ፤ ሁሉም ግን አንድ ጊት (የፋይል ለውጦችን የሚመዘግብ ማከማቻ) ውስጥ ይቀመጡ።

ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን መሣሪያ ስለመምረጥ ብዙ አትጨነቂ። ከአንሲብል ሌላ ፐፔትም ሶልትም ጥሩ ናቸው። እኔ አንሲብልን የያዝኩት በየሰርቨሩ ኤጀንት (ትእዛዝ የሚቀበል ተጨማሪ ፕሮግራም) መጫን ስለማያስፈልገው ነው። ለሊኑክስ የርቀት መግቢያው ኤስኤስኤችና ፓይተን ይበቁታል፣ ዊንዶውስን ደግሞ በዊንአርኤም (የዊንዶውስ የርቀት ማስተዳደሪያ) በኩል በፓወርሼል ያዘዋል። ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ ከሆነ አንሲብልን በደብልዩኤስኤል (ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በሚያስኬደው) ውስጥ ነው የምታስነሺው።

በሊኑክሶቹ መካከል መጀመሪያ የሚያጋጥምሽ የስም ልዩነት ነው። ድረ ገጽ የሚያቀርበው አፓቺ ዩቡንቱ ላይ "አፓቺ 2" ይባላል፣ ሮኪ ላይ "ኤችቲቲፒዲ"። የኤስኤስኤች ሰርቪስ ሮኪ ላይ መጨረሻው ላይ "ዲ" አለው፣ ዩቡንቱ ላይ ግን "ኤስኤስኤች" ብቻ ነው። እኔ ስጀምር በየሥራው ስር "ዩቡንቱ ከሆነ እንዲህ፣ ሮኪ ከሆነ እንዲያ" እያልኩ ጻፍኩ፤ ከወራት በኋላ የራሴን ፋይል ማንበብ አቃተኝ። አሁን ለዴቢያን ቤተሰብ (ለዩቡንቱ) አንድ፣ ለሬድሃት ቤተሰብ (ለሮኪ) አንድ የቫሪያብል ፋይል አለኝ። ስሞቹ ሁሉ እዚያ ገቡ። አንሲብል ሰርቨሩ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ራሱ አጣርቶ ተገቢውን ፋይል ያነሳል፣ ሥራው የሚጻፈው አንዴ ነው።

የስሙ ነገር ቀላል ነው። የሚያስፈራው ተመሳሳይ የሚመስል ሥራ በሁለቱ ላይ የተለያየ ውጤት ሲያመጣ ነው። አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ የኤስኤስኤች ፖርትን ከ22 ወደ 2222 ለመቀየር ፕሌይቡክ ለቀቅኩ። ኮንፊጉ ትክክል ነው፣ ምንም ሳይቀይር ለውጡን ብቻ በሚያሳየው በቼክ ሞድም አይቼዋለሁ። ዩቡንቱዎቹ እሺ አሉ። ሮኪዎቹ ላይ ግን ኤስኢሊኑክስ (የሮኪ የደህንነት ጥበቃ) 2222ን ለኤስኤስኤች የተፈቀደ ፖርት አድርጎ ስለማያውቀው ሰርቪሱ ሪስታርት ሲደረግ አልነሳም አለ። በቃ፣ መግቢያ የለም። እዚህ ያሉትን ስክሪንና ኪቦርድ ይዤ ሄጄ አስተካከልኳቸው። ሁለቱ ግን ጎንደር ነበሩ፤ በማግስቱ በሚኒባስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረብኝ፣ እዚያ ያሉ ሠራተኞችም ግማሽ ቀን ሥራ ፈተው ጠበቁኝ። ያ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ እባክሽ፣ ግንኙነትሽን ሊቆርጥ የሚችል ለውጥ ሁሉ ላይ አንድ በአንድ ሂጂ። በአንዴ ስንት ሰርቨር እንደሚሠራ የሚወስነውን "ሲሪያል" 1 አድርጊው፣ አንዱ ሰርቨር ከወደቀ ሥራው እዚያው ይቆማል። ሮኪ ላይ አስቀድመሽ ፖርቱን ለኤስኢሊኑክስ አስመዝግቢ፣ ፋየርዎልዲ (የሮኪ ፋየርዎል) ላይም ክፈቺ። አዲሱ ፖርት መሥራቱን በዓይንሽ እስክታዪ ድረስ 22ን አትዝጊ። ቼክ ሞድ ፋይሉ ምን እንደሚቀየር ያሳይሻል እንጂ ሰርቪሱ ይነሳ አይነሳ አይነግርሽም። "ኤስኢሊኑክስን አጥፊውና ተገላገዪ" የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው።

እኛ ጋ መብራትና ኔትወርክ በመሃል ስለሚጠፋ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሌይቡኩን ከቤት ላፕቶፕ ሳይሆን ቢሮ ካለ ማሽን ላይ በቲመክስ ፕሮግራም ውስጥ አስነሺው፣ መስመሩ ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል። የሼል ትእዛዝ ከመደርደር ይልቅም የአንሲብልን ሞጁሎች ተጠቀሚ። ግማሽ ላይ ቢቆም እንደገና ስታስነሺው የተሠራውን አልፎ የቀረውን ይሠራል፣ ሼል ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ይደግመዋል።

ዊንዶውስ ላይ ሞጁሎቹም ሌላ ናቸው፣ የሰዓት ዞን ስሙ እንኳ ሌላ ነው። ሊኑክስ "አፍሪካ፣ አዲስ አበባ" ሲል ዊንዶውስ "ኢ. አፍሪካ ስታንዳርድ ታይም" ይላል። በግድ አንድ ላይ አታስሪያቸው።

ሮኪዎችሽ 8 ናቸው ወይስ 9? 8 ከሆኑ አብሯቸው የሚመጣው ፓይተን 3.6 ነው፣ አንሲብል ኮር ከ2.17 ጀምሮ ደግሞ እሱን አይቀበልም። ለጊዜው 2.16 ላይ ቆዪ። የቫሪያብል ፋይሎቼን ማየት ከፈለግሽ የይለፍ ቃሎቹን አውጥቼ እዚሁ እለጥፍልሻለሁ።